የ2003 ሴሊካዬን መልክ ልቀይር ነው፤ ለአዳማ የሚስማማው የትኛው ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የአዳማ ነዋሪ ነኝ፤ እ.ኤ.አ. የ2003 ሥሪት፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ። ሞተሯም ካምቢዮዋም ደህና ነው፤ መልኳ ግን አርጅቷል። ቀዩ ቀለም በኮፈኑና በጣሪያው ላይ ደብዝዞ ወደ ሮዝ እየተጠጋ ነው፤ የፊት መብራቶቿ ቢጫ ሆነዋል፤ የፊት ፓራውልቷም እየተላጠ ነው። ያሰብኩት መላ አካሏን ማት (የማያብረቀርቅ) ጥቁር ማስቀባት፣ 15 ኢንች ቸርኬዋን ወደ 18 መቀየር፣ ቁመቷን በ4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግና ከኋላዋ ከፍ ያለ የፋይበር ክንፍ መግጠም ነው። ክንፉን ገዝቼ ቤት አስቀምጬዋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ያሠራችሁም ሆነ የምትሠሩ፣ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የታያችሁን ሳትሸሽጉ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የቀለም ባለሙያ፣ ከአዳማ

ወንድሜ፣ ማት ጥቁር በፎቶ ላይ ማማሩን አልክድም፤ ነገር ግን የዚህን ከተማ ንፋስና አቧራ ከእኔ ይልቅ አንተ የምታውቀው ይመስለኛል። የሚያብረቀርቅ ቀለም ቢጫር በፖሊሽ ይስተካከላል። ማት ግን ፖሊሽ የተደረገበት ቦታ ለብቻው ስለሚያበራ የተጫረውን ክፍል እንደገና ከማስቀባት በቀር መፍትሔ የለውም። መኪና አጣቢው አቧራ በያዘ ጨርቅ ደጋግሞ ሲያሸው ደግሞ፣ በተለይ በበር እጀታዎቹ ዙሪያና በኮፈኑ ጫፍ ላይ፣ ቅባት የነካው የሚመስል ነጠብጣብ እያወጣ ይሄዳል።

እኔ ብሆን ቀዩን በቀይ አድሳለሁ። የቀይ ቀለም ማቅለሚያ ለፀሐይ ደካማ ስለሆነ ጣሪያውና ኮፈኑ ቀድመው መደብዘዛቸው አያስገርምም፤ ከላይ የሚደረገው ክሊር (ቀለሙን የሚሸፍነው ግልጽ ቅብ) ጥራት ያለውና የፀሐይ መከላከያ ያለው መሆኑን ግን ሳታረጋግጥ ሥራው እንዳይጀመር። ፓራውልቱ የተላጠው ምናልባት ቀድሞ የቀባው ሰው የፕላስቲክ ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዝ የሥር ቅብ) ሳይጠቀም ቀርቶ ይሆናል፤ የፓራውልት ፕላስቲክ እንደ ላሜራ ቀለም አይዝም። ስለዚህ ከመቀባቱ በፊት የላላው ቀለም ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ተነሥቶ እንዲያልቅ ቆመህ ተመልከት።

አንድ ተሞክሮ ያለው፣ ከአዳማ

ከላይ በተባለው ላይ የራሴን ልጨምር። መኪናዬን ፎርኖ (የቀለም መቀቢያና ማድረቂያ ዝግ ክፍል) በሌለው ጋራዥ፣ በግቢ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ አስቀባሁ። ሁለተኛው ክሊር ገና እርጥብ እያለ ንፋስ ተነሣ፤ ማታ ኮፈኑን በመዳፌ ስዳስሰው ሸካራነቱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። በ1500 እና በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ታሽቶና ፖሊሽ ተደርጎ ተስተካከለ፤ ነገር ግን በዚያው ክሊሩ ሳሳ። ፎርኖ ያለው ጋራዥ ካላገኘህ ቢያንስ የተዘጋ ቤት ይሁን፤ ወለሉ ውኃ ይረጭበት፤ ሥራውም ንፋሱ ሳይነሣ በጠዋት ይጀመር።

ሌላው ጉዳይ ሊብሬው ነው። የመኪናው ቀለም እዚያ ላይ ተጽፏል። እኔ ቀለሙን ቀይሬ ሳላስመዘግብ ለዓመታዊ ምርመራ ስቀርብ ሳይሳካልኝ ተመለስኩ፤ ቦሎውን ያገኘሁት ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው። ቀለም የምትቀይር ከሆነ አስቀድመህ መኪናው የተመዘገበበትን መሥሪያ ቤት ጠይቅ።

ጎማና ቸርኬ ሻጭ፣ ከሐዋሳ

የቸርኬውን ነገር በቁጥር እንየው። 15 ኢንች ቸርኬህ ላይ ያለው ጎማ 195/60 ከሆነ ጠቅላላ ቁመቱ 615 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ18 ቸርኬ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው 225/40 ደግሞ 637 ይደርሳል፤ ይህም 3.6 በመቶ ብልጫ ስለሆነ ፍጥነት መለኪያህ 100 ሲል አንተ ከ103 በላይ እየሄድክ ነው ማለት ነው። መኪናው ዝቅ ካለ በኋላ መሪ እስከ መጨረሻ ሲዞር ወይም ጉድጓድ ሲገባ ጎማው ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ) ሊነካ ይችላል። 17 ቸርኬ ከ205/45 ጋር ከወሰድክ ግን 616 ስለሚሆን ከፋብሪካው ልክ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ለዓይንም ቢሆን ልዩነቱ በደንብ ይታያል።

ቸርኬ ስትገዛ የቡሎኑን ልክ ሳትጠይቅ አትክፈል። የዚህች መኪና 5 ቡሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው፤ የመሐል ቀዳዳዋ ደግሞ 54.1። የምትገዛው ቸርኬ የመሐል ቀዳዳው ከዚህ የሰፋ ከሆነ የመሐል ቀለበት አብረህ ግዛ፤ ያለዚያ በፍጥነት ላይ መሪው ሊንቀጠቀጥብህ ይችላል።

ዝቅ ስለ ማድረጉ፣ አራት ሰው አሳፍረህ ከፊት ፓራውልቱ ሥር እስከ መሬት ያለውን ለካና 4 ሴንቲ ሜትር ቀንስለት። ከዚያ በየቀኑ የምታልፍበትን ጉብታ ከፍታ ለክተህ አወዳድር፤ መልሱን ሜትሩ ይነግርሃል።

ሌላ አባል፣ ከአዳማ

ሁላችሁም ልጁን ተስፋ ልታስቆርጡት ነው እንዴ? መኪና ለዓይንም ነው። ጥቁር ከወደደ ጣሪያውን ብቻ በጥቁር ፊልም ያልብሰው፤ ሲሰለቸው ይነሣል። ይሁን እንጂ ፊልም የሚለጠፈው ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ከቀለም ሥራው በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቢታገሥ ጥሩ ነው።

በክንፉ ላይ ግን አልስማማም። ሴሊካ የሚጎትታት የፊት ጎማ ነው፤ ክንፍ የሚጫነው ደግሞ የኋላውን ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ እንኳ የተፈቀደው ጣሪያ 120 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለጌጥ ካልሆነ በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። ለመግጠም የኋላ ክዳኑ መበሳት አለበት፤ የተበሳው ላሜራ ፀረ ዝገት ካልተቀባ ከክረምት በኋላ ዝገቱን ታየዋለህ።

ከሁሉ በፊት መብራቶቹን አጽዳ። ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነህ በ800፣ በ1500፣ ከዚያ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያፈሰስክ እሻቸው፤ መጀመሪያ እንደ ወተት ይደበዝዛሉ፤ አትደንግጥ፤ በፖሊሽ ይጠራሉ። በመጨረሻ የፀሐይ መከላከያ ክሊር ካልተደረገባቸው ግን ተመልሰው ቢጫ ይሆናሉ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ሜትር ይዤ ወጣሁ፤ በሰፈራችን ካሉት ጉብታዎች አንዱ፣ ያሰብኩትን ያህል ዝቅ ባደርጋት፣ ፓራውልቷን ይነካል። ስለዚህ ቁመቷን አልነካም። ቀይ በቀይ አድሳታለሁ፤ ቸርኬው 17 ይሆናል፤ ጣሪያውን ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ጥቁር ፊልም አለብሰዋለሁ። ክንፉን በተመለከተ ምክራችሁ ገብቶኛል፤ ልቤ ግን ገና አልቆረጠም፤ ለጊዜው ሳልበሳ አልጋ ሥር ይቆይ።

ዛሬ ጠዋት የቀኝ መብራቷን በተባለው መንገድ ሠራሁት፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደብኝ። ግራውን ግን ቢጫ እንደሆነ ትቼዋለሁ፤ ነገ ጋራዥ ስሄድ ልዩነቱን ለቀለም ቀቢው ላሳየው እፈልጋለሁ።