«ርካሽ ቅጂ»? የቱ ነው ቅጂው?

ጥቁርና ነጭ፦ ትናንት አንዱ «ዴቪል ዶል የዴድ ኦፍ ናይት ርካሽ ቅጂ ነው» ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው። ደሜ ፈላ። ሁለቱም ስለ አሻንጉሊት አናጋሪ የተሠሩ አስፈሪ ፊልሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1945ቱ ዴድ ኦፍ ናይት ሰውየው አብዷል ወይስ አሻንጉሊቱ ነፍስ አለው፣ ቁርጡ አይታወቅም። የ1964ቱ ዴቪል ዶል ሌላ ነው። አሻንጉሊት አናጋሪው ቮሬሊ በርሊን ላይ የረዳቱን ነፍስ እንጨት ውስጥ ቆልፎበታል። አሻንጉሊቱ ሁጎ እስረኛ ነው። የቱ ነው ቅጂው?

የፒያሳው፦ «አንዱ» አትበለኝ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። የ1945ቱ አሻንጉሊት ስሙ ማነው? ሁጎ። የ1964ቱስ? ሁጎ። ስም ለመቀየርኮ በጀት አያስፈልግም!

ሰብሊ፦ 😂 ይቺስ ልክ ናት።

ጥቁርና ነጭ፦ እሺ፣ በስሙ ተረታሁ። «ርካሽ»ን ግን አስረዳኝ። ሁጎ ብቻውን ተነሥቶ በመድረኩ ላይ ይራመዳል። ትርኢቱ ሲያልቅ እንደ አውሬ በፍርግርግ ይቆለፍበታል። ሌሊት ጋዜጠኛው ክፍል ገብቶ «እርዳኝ» ይላል። ለዚህ ስንት ሚሊዮን ልታወጣ ነው?

የፒያሳው፦ ሲራመድማ አለቀለት! ውስጡ ሰው እንዳለ ያስታውቃል። አሻንጉሊት የሚያስፈራው ጭን ላይ ቁጭ ብሎ ዝም ብሎ ሲያይህ ነው።

ሰብሊ፦ «ውስጡ ሰው አለ» እኮ ነው ታሪኩ! ወንድሜ፣ የነቀፍክ መስሎህ ፊልሙን ተረክልን።

የፒያሳው፦ አትጫወቺብኝ። ልብስ ለብሶ ስለሚንቀሳቀስ ተዋናይ ነው የማወራው።

ጥቁርና ነጭ፦ አንተ ያየኸው በ1997 ሚስትሪ ሳይንስ ቲያተር በሚባለው፣ በፊልሞች ላይ በሚቀለድበት የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ሮቦቶቹ እያሾፉ ያሳዩትን ነው። ለቅሶ ቤት ቀልደኛ ይዘህ ገብተህ «የሚያለቅስ የለም» ትላለህ።

አቡሽ፦ መጨረሻ ላይ ነፍሳቸው ተለዋውጦ ቮሬሊ ራሱ አሻንጉሊት ውስጥ ሲቀርስ? እኔን እሱ ነው የያዘኝ።

ሚጣ፦ ኧረ አቡሽ! ዛሬ ማታ ላየው ነበርኮ!

አቡሽ፦ ከወጣ ስልሳ ዓመት አልፎታል እህቴ። ስንት ልጠብቅሽ?

የፒያሳው፦ «ርካሽ»ን አላነሣም። ጋዜጠኛውን የሠራው ዊልያም ሲልቬስተር እንኳ በአራት ዓመቱ ወደ «2001፦ ስፔስ ኦዲሲ» ፊልም ሸሽቶ ጨረቃ ላይ ወጣ።

ጥቁርና ነጭ፦ ሸሽቶ? «ሸሽቶ» ነው ያልከው?