የመጽሔት ደንበኝነት ዕቅድ፦ ረቂቅ 1

ጸሐፊ፦ ባለፈው ስብሰባ አንድ የእንጨት ሥራ መጽሔት በጋራ እንድንይዝ ተስማምተናል። የቀረው «የትኛው?» የሚለው ነው። ሦስት ቀርበዋል። ፋይን ውድወርኪንግ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ይወጣል፤ ዲጂታሉን ከጨመርን የድሮ እትሞቹም ይከፈቱልናል። ውድስሚዝ ከ1979 ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚታወቀው በፕላኖቹ ነው። ሦስተኛው ሞርቲስ ኤንድ ቴነን ነው። እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ።

ባለመሮ፦ ፋይን ውድወርኪንግ። ውድስሚዝ «ይህን ቁረጥ፣ እዚህ ለጥፍ» ነው የሚልህ። ሣጥኑን ትሠራለህ፤ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ግን አታውቅም። ጣውላ በእርጥበት በወርዱ እንደሚያብጥ፣ በርዝመቱ ግን ይህን ያህል እንደማይነቃነቅ እኔ የገባኝ ፋይኑን ሳነብ ነው።

ሞርሳ፦ አንብበህ አንብበህ ስንት ዕቃ ጨረስክ? አብዛኞቻችን ያለን ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው። ውድስሚዝ የመቁረጫ ሥዕሉንም፣ የዕቃ ዝርዝሩንም ይሰጥሃል። ቀጥታ ወደ ባንኮው ነው።

ጋሼ መላጊያ፦ ሞርቲስ ኤንድ ቴነን ላይ ስትደርሱ ብዕሩ አለቀባችሁ? በ2016 የተጀመረ ነው። በዓመት ሁለቴ ይወጣል፣ ማስታወቂያ የለበትም፣ የእጅ መሣሪያ ነው የሚያስተምረው። እስቲ ከእኛ ውስጥ ማሽን የሌለውን ሰው ቁጠሩት።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ በዓመት ሁለት እትም ለዚህ ሁሉ ሰው? ተራ እስኪደርሰን እናረጃለን። ካዝናው የሚበቃው ለአንድ መጽሔት ነው፤ እሱም ያልከፈሉት መዋጮአቸውን ከከፈሉ። ስም አልጠራም። ደግሞ የሁለት ዓመት አስቀድመን አንክፈል። አሜሪካን ውድወርከር በ2014 ወደ ፖፑላር ውድወርኪንግ ተጠቃሎ ቀርቷል። መጽሔትም ይሞታል።

ቫርኒሽ፦ አንድ ነገር ብቻ። ሦስቱም በኢንች ናቸው።

ሞርሳ፦ እና? በ25.4 አባዝተሽ ሚሊ ማድረግ ነው።

ቫርኒሽ፦ ባለፈውም «ማባዛት ነው» ብላችሁ ነበር። የቁም ሣጥኑን በር ሄዳችሁ እዩት።

ባለመሮ፦ ጀመርን።

ሞርሳ፦ በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስሜን ጠርተሽ ተናገሪ። ፕላኑ 72 ኢንች ይላል። 180 ሴንቲ ቆረጥኩ። በ2.5 እናባዛ የተባለው በስብሰባ ነው። ፍሬሙን የሠራው ሰው ነው ብቻውን በ2.54 ያባዛው።

ባለመሮ፦ «ብቻውን» ማለት «በትክክል» ከሆነ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ። 182.88 ነው የሚመጣው። ወደ ሦስት ሴንቲ ክፍተት! አይጥ ሳትጎነበስ ትገባበታለች። በ2.5 እናባዛ ያለ ስብሰባ ደግሞ አላውቅም።

ጸሐፊ፦ ቃለ ጉባኤውን አየሁት። «ቁጥሩ ለሥራ እንዲመች ይጠጋጋ» ይላል። ወደ ስንት እንደሚጠጋጋ አይልም።

ሞርሳ፦ ይኸው!

ባለመሮ፦ ይኸው ምኑ?

ጋሼ መላጊያ፦ ልጆች፣ በር የሚለካው በፍሬሙ ነው። አስጠግተህ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለህ። ትርፉን ትልጋለህ። ኢንቹንም ሴንቲውንም ምን አመጣው?

ቫርኒሽ፦ ነገሩ የበሩ ብቻ አይደለም ጋሼ። 3/4 ኢንች 19.05 ሚሊ ነው። የኛ ኮምፐርሳቶ 18 ነው። ፕላኑ ባለው ልክ ቦይ ካወጣችሁ መደርደሪያው ይወዛወዛል፤ ያን ክፍተት ኮላ አይሸፍነውም። የሚገርመው የአሜሪካኖቹ 3/4 ኮምፐርሳቶ ራሱ ብዙ ጊዜ 23/32 ነው፤ ወደ 18.26 ሚሊ። «ቱ ባይ ፎር» የሚሉት ጣውላም ተልጎ ሲያልቅ 38 በ89 ሚሊ ነው እንጂ 2 በ4 ኢንች አይደለም። ስሙን አባዝቶ የቆረጠ ጉድ ይሆናል።

አዲሱ፦ ሰላም፣ አዲስ አባል ነኝ። አውስትራሊያን ውድ ሪቪው በሚሊሜትር ነው። በዓመት አራት ጊዜ ይወጣል። እሱን ብናይስ?

ሞርሳ፦ አሁን ትዝ አለኝ። 2.5 ያለው ገንዘብ ያዥ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን አታስገቡኝ። እኔ 2.5 ያልኩት መዋጮ ላዘገየ ሰው ስለሚጨመረው ቅጣት ነው። 2.5 በመቶ!

ባለመሮ፦ ሃሃሃ። ቅጣቱን በር አድርጎ ሠራው!

ሞርሳ፦ ሳቁ። ያን በር ስልግ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ያኔ አንዳችሁም አልነበራችሁም። የፈለጋችሁትን መጽሔት ያዙ፤ እኔ የለሁበትም።

አዲሱ፦ የአውስትራሊያው ነገር አልታየ ይሆን?

ገንዘብ ያዥ፦ አዲሱ፣ መዋጮ ከፍለሃል?

ባለመሮ፦ ሞርሳ፣ እሺ፣ አበዛሁት። ልስላሴው የሚያስቀና ነው፤ ያን ክጄ አላውቅም። አጠረ እንጂ።

ቫርኒሽ፦ በየእትሙ መለኪያውን ወደ ሚሊ የሚቀይርልን ሰው ካለ ተቃውሞዬን አነሳለሁ።

ብሎን፦ እኔ አለሁ! ለሙከራ የአንድ ፕላን ሠንጠረዥ ማክሰኞ እልካለሁ።

ጸሐፊ፦ ብሎን፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።

ጸሐፊ፦ ዓርብ ሆነ። ስልኩም አይነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት ከመጡልን ስድስት እትሞች አራቱ የሉም። የት ነበር ያስቀመጥናቸው? ቁም ሣጥኑ ውስጥ። ለምን አልተቆለፈም? የላይኛው መቀርቀሪያ ፍሬሙ ላይ ስለማይደርስ። አሁንም ገንዘብ ከፍለን እዚያው ልናስቀምጥ ነው?

ጋሼ መላጊያ፦ አሁን ገና ሰው ተናገረ። መጀመሪያ በሩ።

ቫርኒሽ፦ እኔም እደግፋለሁ። ግን በሚሊ።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4። የመጽሔቱ ምርጫ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል። ከተያዘው ገንዘብ ላይ የበሩ ጣውላ፣ መቀርቀሪያና በሚሊ ብቻ የተጻፈ አንድ የብረት ማስመሪያ ይገዛል። በሩን ባለመሮና ሞርሳ አብረው ይሠራሉ።

ባለመሮ፦ ከእሱ ጋር? ይሁን። ግን የበሩ መሃል ገበታ ቦዩ ውስጥ ያለ ኮላ ይቀመጥ። እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ካላገኘ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ፍሬሙን ይገፋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ማስመሪያው ከማን ኪስ ነው? የኛ ሜትር ምን ሆነ?

ሞርሳ፦ የለሁበትም ያልኩትን አንስቻለሁ። ዛሬ ሄጄ ለካሁት። ክፍቱ 183.1 ነው።

ባለመሮ፦ እኔ ትናንት ስለካው 182.9 ነበር።

ሞርሳ፦ በየትኛው ሜትር?