የስኳር በሽታ ያለበት ድመታችን የኋላ እግሮቹ ደከሙ፤ አንድ ማታም ስኳሩ ወረደበት፤ በቤት ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የሽምብጥ ነዋሪ፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ነብሮ የምንለው፣ በዕድሜው ገፋ ያለና ወፈር ያለ ወንድ ድመት አለን። ክረምት ከወጣ ወዲህ ውሃ ደጋግሞ መጠጣትና እየበላ መክሳት ጀመረ፤ የሚሸናበት የአሸዋ ሳህንም ጠዋት ጠዋት በጉንዳን ተወርሮ እናገኘው ነበር። የእንስሳት ሐኪም መርምሮ የስኳር በሽታ መሆኑን ካረጋገጠልን በኋላ፣ ለሰው የሚሸጠውን ደፍረስ ያለ ነጭ ኢንሱሊን፣ ማለትም ኤንፒኤች የሚባለውን፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ምግቡን ሲበላ 2 ዩኒት እየወጋሁት ነው። የውሃ ጥሙ ቀንሷል፤ ነገር ግን ሁለት አዳዲስ ነገሮች አስጨንቀውናል።

አንደኛው የኋላ እግሮቹ ናቸው። ድመት የሚረግጠው በጣቶቹ ነው፤ ነብሮ ግን አሁን እንደ ጥንቸል ከተረከዙ እስከ ጣቱ ያለውን ሁሉ መሬት ላይ አስተኝቶ ይራመዳል። ቀድሞ በአንድ ዝላይ ይወጣበት የነበረው መስኮት ሥር ቆሞ ሽቅብ ያንጋጥጣል እንጂ መዝለል አይሞክርም።

ሁለተኛው ይበልጥ አስፈርቶናል። በቅርቡ አንድ ማታ እንደ ወትሮው በልቶ መርፌውንም ወስዶ ሳለ፣ ወደ 5 ሰዓት ግድም አልጋ ሥር እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ፈጦና ራሱን ቀና ማድረግ አቅቶት አገኘነው። ማር በጣቴ ድዱ ላይ ብቀባለት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነቃ፤ ምግብም በላ። በዚያ ሰዓት የሚደረስለት ሐኪም የለም። ይህ ነገር ቢደገም በቤት እስከ ምን ድረስ ማድረግ እንችላለን? ለእግሩስ የሚሰጠው ነገር ይኖራል? አባቴ የራሱ የስኳር መለኪያ ስላለው፣ የሰው መለኪያ ለድመት ይሠራ እንደሆነም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ጎንደር

እኅቴ፣ ማሩን ወደ አፉ ሳያፈሱ ድዱ ላይ መቀባትዎ ትክክል ነው። የደከመ ድመት ፈሳሽ ቢጋት ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል፤ እየተንፈራገጠ ከሆነ ደግሞ ጣትዎን በጥርሶቹ መካከል እንዳያስገቡ። ማር ከሌለ በጥቂት ውሃ የተበጠበጠ ስኳር ይሆናል። ሲነቃ ወዲያውኑ ምግብ ይስጡት፤ ነገር ግን ነቅቷል ብለው እርስዎ መተኛት የለብዎትም፤ ማሩ ቶሎ ያልቃል፣ ኢንሱሊኑ ግን ገና በሥራ ላይ ነውና። ለቀጣዮቹ ሰዓታት በየግማሽ ሰዓቱ ሊያዩት፣ ቢቻልም ሊለኩት ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር ከታየ በኋላ የሚቀጥለው መርፌ እንደ ቀድሞው መጠን አይሰጥም፤ ያዘዘልዎትን ሐኪም በስልክ አግኝተው መጠኑን ያስቀንሱ፤ በአብዛኛው በግማሽ ነው የሚቀነሰው።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። የስኳር በሽታ ያለበት ድመት ሲደክም፣ ስኳሩ ወርዶ ነው ወይስ በተቃራኒው ስኳሩ ወጥቶ ደሙ ውስጥ ኪቶን የሚባለው አሲድ ተከማችቶበት ነው የሚለውን መለየት ከሁሉ ይቀድማል፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው ጉዳት ነውና። የስኳር መውረድ በድንገት ይመጣል፤ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ያልተለመደ ረኃብ ወይም መፍዘዝ፣ ሲብስም መንፈራገጥና ራስን መሳት ያስከትላል። ኤንፒኤች በድመት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ደርሶ ቶሎ የሚያልቅ ኢንሱሊን ስለሆነ፣ 1 ሰዓት ላይ ተወግቶ 5 ሰዓት ላይ መውደቁ ከመድኃኒቱ ጠባይ ጋር ይገጥማል። የኪቶን ችግር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚመጣ አይደለም፤ አንድ ሁለት ቀን ምግብ ይጠላል፣ ያስታውካል፣ ሰውነቱ ውሃ ያጣል፣ አተነፋፈሱ ይከብዳል፣ ትንፋሹም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይነት ሽታ ያመጣል። ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስብ እያቃጠለ የሚያመነጨው አሲድ ነው ይህን የሚያደርገው፤ ብዙ ጊዜም ከሥሩ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የቆሽት ብግነት ይኖራል። ይህን በቤት ማከም አይቻልም። በደም ሥር ፈሳሽ፣ ቶሎ የሚሠራ ኢንሱሊንና ፖታሲየም እየተለካ ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ የስኳሩ መውረድ በቤት ሊጀመር የሚችል እርዳታ አለው፤ የኪቶን ምልክት ከታየ ግን እስኪነጋ ካልሆነ በቀር አይጠበቅም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ሆኖም ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ እንዲህ የታመመ ድመት መጀመሪያ እዚያው ከተማ ፈሳሽ ሊያገኝ ይገባል። በየፋርማሲው የሚሸጠውን የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ገዝተው ያስቀምጡ፤ ኪቶን የሚለው መደብ ቀለሙን ከቀየረ ሌላ ምልክት አይጠብቁ።

የሰው መለኪያ ይሠራል። በድመት ደም ላይ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ 60 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ቢያሳይዎ እውነቱ ከዚያ ከፍ ሊል ይችላል፤ ቢሆንም እንደ ወረደ ቆጥረው ምግብ ይስጡት። ደሙ የሚወሰደው ከጆሮው ጠርዝ ነው። ጆሮውን በሞቀ ጨርቅ ትንሽ ያሙቁት፣ ጠብታው በጠጉሩ ውስጥ እንዳይሰራጭ ስስ ቫዝሊን ይቀቡት፣ ከኋላ ጥጥ ደግፈው ይውጉት። በቤት የተለካው ቁጥር ከክሊኒክ ቁጥር ይልቅ የሚታመንበት ምክንያትም አለ፤ ድመት ሲደነግጥ ብቻውን ስኳሩ ከ300 በላይ ሊወጣ ይችላል።

ስለ እግሮቹ፦ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የኋላ እግር ነርቮችን ሲጎዳ ድመት በተረከዙ መራመድ ይጀምራል። ዋናው መድኃኒቱ የስኳሩ መስተካከል ነው፤ ስኳሩ ከተስተካከለ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል፤ ጨርሰው የማይመለሱም አሉ። እስከዚያው የምግብና የአሸዋ ሳህኑን መሬት ላይ አቅርቡለት፣ በሚያዳልጥ ሴራሚክ ላይም ምንጣፍ አንጥፉለት። አንገቱ ወደ ታች ከዘመመ ግን ነገሩ የፖታሲየም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ደሙ ይመርመር። እባክዎን ሕመሙን ላስታግስለት ብለው ፓራሲታሞል እንዳይሰጡት፤ ግማሽ ክኒን እንኳ ድመትን ይገድላል። ዲክሎፌናክም ያው ነው። ሌላ ሐኪም ለቆዳ ወይም ለማሳከክ ዴክሳሜታዞን ሊወጋው ቢያስብም፣ ስኳር እንዳለበት አስቀድመው ይንገሩት፤ ይህ መድኃኒት ስኳሩን ከፍ ያደርጋል።

መልስ፦ ከጣና ዳር

ሐኪሙ ካሉት በኋላ ስለ ሕክምናው የምጨምረው የለኝም፤ እኔም የስኳር በሽታ ያለባት ድመት ስላለችኝ ስለ ምግቡና ስለ ኢንሱሊኑ አያያዝ ልጻፍ።

በእኛ አገር ድመት የሚበላው ወተት የፈሰሰበት እንጀራ ወይም ከገበታ የተረፈ ፍርፋሪ ነው። ለስኳር በሽተኛ ድመት ከዚህ የከፋ ምግብ የለም፤ የድመት ሰውነት ለሥጋ የተሠራ ነው፣ እንጀራና ዳቦ ስኳሩን ሽቅብ ይሰዱታል። እኛ ጋ ደግነቱ ዓሣ ሞልቷል። ቀረሶም ሆነ አምባዛ ያለ ጨውና ያለ ዘይት ተቀቅሎ፣ እሾሁ በጥንቃቄ ተለቅሞ ቢሰጠው ጥሩ ነው። ጥሬውን ግን አይስጡት፤ አንዳንድ ዓሣ ጥሬውን ሲበላ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር አለው፣ ሲበስል ግን ይጠፋል። ዓሣ ብቻውን ዘወትር መስጠትም አይገባም። እኔ የዶሮ ሥጋ፣ ልብና ጥቂት ጉበት እየቀላቀልሁ፣ የተቀቀለበትን ውሃም አብሬ እሰጣለሁ፤ ድመት ያለ እርሱ ልቧና ዓይኗ የሚጎዳው ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ውሃው ይወጣልና። አጥንት የሌለው ሥጋ ካልሲየም ስለሚያንሰው የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ ማከል ይጠቅማል፤ ልኩን ሐኪም ይንገርዎ። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ሰው ድመቱንም አብሮ ያስጾመዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ድመት ግን ምግቡ በድንገት ሊቀየርበት ወይም ሊቀነስበት አይገባም፤ ኢንሱሊኑ የተለካው በሚበላው ምግብ ነው። ለዚያ ወቅት ዓሣና የተቀቀለ እንቁላል ይበቃሉ። እንጀራውን አስቀርተው ሥጋ ሲጀምሩም አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ስኳሩ በምግቡ ብቻ ሊወርድ ስለሚችል ያው የኢንሱሊን መጠን ሊበዛበት ይችላል። ለጎረቤትም ይንገሩ፤ የእኔዋ ድመት ከአጥር ማዶ ዳቦ ይሰጧት ነበር።

ኢንሱሊኑ ያልተከፈተ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶ ማስቀመጫው ርቆ ይቀመጥ፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ይጣላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት መብራት ሲጠፋ እኔ የምጠቀመው ሁለት ሸክላ ነው። ትንሹን ማሰሮ ትልቁ ውስጥ ከትቼ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቼ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ዕቃ አድርጌ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ አኑሬ በእርጥብ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ። ውሃው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ይህ ዘዴ ያን ያህል አይሠራም፤ ደግነቱ ያኔ ሙቀቱም አይበረታም።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ጊሽ ዓባይ

አንድ ነገር ልብ እንበል። በአገራችን የሚሸጠው የሰው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት አለው። በብዛት የሚገኘው ባለ 1 ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ሲሪንጅ ደግሞ አንዱ መሥመር 2 ዩኒት ነው፤ ስለዚህ ነብሮ ወደ 1 ዩኒት ቢወርድ በሁለት መሥመር መካከል በዓይን ግምት ሊቀዳለት ነው፤ ለሰው እዚህ ግባ የማይባለው ስሕተት ለ4 ኪሎ ድመት ግን ብዙ ነው። ባለ 0.3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ከተገኘም የግማሽ ዩኒት ምልክት ያለውን፣ ይጠይቁ፤ ከሌለ እንዲያስመጡልዎ ይንገሯቸው። ከውጭ የሚመጣ የእንስሳት ኢንሱሊን 40 ዩኒት የሚል ከሆነ የራሱ ሲሪንጅ አለው፤ እንዳይቀላቀል። ኤንፒኤችን ከመቅዳትዎ በፊት ብልቃጡን በመዳፍዎ መካከል ቀስ አድርገው ያንከባሉት እንጂ አይናጡት። የተከፈተበትንም ቀን ላዩ ላይ ይጻፉ። ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው ሃይላንድ ውስጥ አጠራቅመው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ልጆች እጅ እንዳይገባ።

መልስ፦ የፋሲሎ ልጅ

እናቴ ለስኳሯ የሽፈራው ቅጠል ትጠጣለች፣ ለውጥም አይታበታለች። ለድመትስ አይሆንም?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ጎንደር

ወንድሜ፣ ሐሳብዎ በጎ ነው፤ ነገር ግን ለድመት ኢንሱሊንን የሚተካ ቅጠል አላውቅም። ኢንሱሊን ላይ ስኳር የሚያወርድ ነገር ሳይለኩ መደረብ ደግሞ የዚያን ማታውን ዓይነት ውድቀት ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ለነብሮ አይሰጠው።

ጠያቂዋ፦ የሽምብጥ ነዋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪማችን ደውዬለት መጠኑ 1 ዩኒት ሆኗል፤ ትንሹንም ሲሪንጅ አግኝተናል። ከጥቂት ቀን በኋላ በአባቴ መለኪያ ቀኑን ሙሉ ስለካው ዋልሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ከምግብና ከመርፌ በፊት 352፣ 3 ሰዓት 241፣ 5 ሰዓት 118፣ 7 ሰዓት 196፣ 9 ሰዓት 287፣ 11 ሰዓት 340 ነበር። በሽንቱ ኪቶን አልታየም፤ ይበላል፣ ይጫወታል። ጠዋትና ማታ ከ300 በላይ መሆኑ ግን አሳሰበኝ፤ ወደ 2 ዩኒት ልመልሰው?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ጎንደር

አይመልሱት። የጠዋቱን 352 ብቻ ያየ ሰው መጠኑ ያነሰ ይመስለዋል፤ የ5 ሰዓቱ 118 ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ዝቅተኛው ቁጥር ከ80 እስከ 150 ባለው ውስጥ እንዲውል ነው የምንፈልገው፣ እርሱም እዚያው ነው። መጠኑን ቢጨምሩት ጠዋቱ ብዙም ሳይሻሻል 5 ሰዓቱ ወደ አደጋ ይወርዳል። የነብሮ ችግር የኢንሱሊኑ ማነስ ሳይሆን የሚቆይበት ጊዜ ማጠር ነው፤ ከተወጋ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሥራው ሊያልቅ ደርሷል። ስለዚህ ይህን የቀን ውሎ እንዳለ ጽፈው ለሐኪምዎ ያሳዩትና ግላርጂን የተባለውን፣ ንጹሕ ውሃ የሚመስለውንና ረዘም ላለ ጊዜ የሚሠራውን ኢንሱሊን በግል ፋርማሲዎች ማግኘት ይቻል እንደሆነ አብራችሁ ፈልጉ፤ እርሱም በ12 ሰዓት ልዩነት ይሰጣል። ከተገኘ በአንድ ሲሪንጅ ከኤንፒኤች ጋር አይቀላቀልም፣ መነሻ መጠኑንም ሐኪሙ ይወስናል። እስኪገኝ በ1 ዩኒቱ ይቆዩ። አዲሱን ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከመርፌው በፊትና ከተወጋ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይለኩት፤ በየቀኑ ግን መጠን አይቀያይሩ፤ ስኳሩ ካልወረደበት በቀር አንድ ሳምንት ይጠብቁና ለውጡ በግማሽ ዩኒት ይሁን። ጠዋት ምግቡን ካልነካ ደግሞ ሙሉውን አይውጉት፤ መጀመሪያ ለክተው፣ ቁጥሩን ይዘው ይደውሉልን።