ለኢስፖርት ውድድር ወደ ኮሎኝ መጓዝ፦ ከትኬቱ በፊት የመኖሪያ ወረቀቱ

ጥያቄ፣ ከሃኖቨር

ሰላም ለሁላችሁም። የ17 ዓመት ልጄ በዚህ ክረምት ኮሎኝ ሄዶ ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር በአዳራሽ ተገኝቶ ለማየት ፈቃዴን ጠይቆኛል። ጨዋታውን እኔ የማውቀው ከክፍሉ በር ወዲያ በሚሰማኝ ድምፅ ብቻ ነው። የሕዝቡ ብዛትና የሚያመሹበት ሰዓት ያሳስበኛል። ከዚህም ሌላ የልጄ የመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ላይ በመሆኑ አሁን በእጁ ያለው ጊዜያዊ ወረቀት ነው። ጓደኞቹ ደግሞ ከኮሎኝ ቀጥሎ ወደ ፖላንድ ስለመሄድ ያወራሉ። አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅም መጥቶ አብሯቸው ለማየት ይመኛል። የሄዳችሁ ወይም ልጆቻችሁን የላካችሁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከፍራንክፈርት

ውድ እህቴ፣ ይህን ጨዋታ ለዓመታት የተከታተልኩ፣ ለውድድርም ኮሎኝን ጨምሮ ወደ ተለያዩ ከተሞች የተጓዝኩ ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። በቤተሰቦቻችን ዘንድ እንዲህ ያለው ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው፤ ልጆቹ ቀድመው ትኬት ይገዛሉ፣ ከዚያ ማደሪያና መጓጓዣ ይፈለጋል፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ነገር ግን የሚነሳው ሻንጣ ሲታሰር ነው። የአውሮፓ ፓስፖርት ላላቸው ጓደኞቻቸው ይህ ቅደም ተከተል ምንም ላይጎዳቸው ይችላል፤ ለእኛ ልጆች ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ወረቀቱ ነው።

ልጅዎ ከሃኖቨር ኮሎኝ የሚሄደው ድንበር ሳይሻገር ስለሆነ ጊዜያዊው ወረቀት አያግደውም፤ ዋናውን ወረቀትና ፓስፖርቱን በእጁ መያዝ ብቻ ይበቃዋል። ፖላንድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ የሚሰጠውና ፊክትዮንስበሻይኒጉንግ የሚባለው ወረቀት ሁለት ዓይነት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በውስጡ ምልክት የተደረገበት የመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 81 ንዑስ አንቀጽ 4 ከሆነ፣ የቀድሞው ፈቃድ እስከ ውሳኔው ድረስ እንደጸና ስለሚቆጠር ከጀርመን ወጥቶ መመለስ ይቻላል። ምልክቱ ያለው ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ከሆነ ግን ወጥቶ የመመለስ መብት አይሰጥም። ስለዚህ ዛሬውኑ ወረቀቱን ገልጠው ይመልከቱ፤ ግልጽ ካልሆነልዎ ለውጭ ዜጎች ቢሮ በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና በመታየት ላይ ያለ፣ ወይም ዱልዱንግ (ከአገር መባረርን ለጊዜው የሚያቆይ ወረቀት) ብቻ የያዙ ወጣቶች በወረቀታቸው ድንበር መሻገር አይችሉም፤ እነዚህ ልጆች በአገር ውስጥ የሚደረገውን ውድድር ቢመርጡ ይሻላቸዋል። ጥገኝነት ተፈቅዶላቸው ሰማያዊውን የስደተኛ የጉዞ ሰነድና የጸና የመኖሪያ ፈቃድ የያዙ ግን በሼንገን አገሮች ውስጥ በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላሉ። እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ ስላልሆነች ለንደን ለሚደረግ ውድድር ራሱን የቻለ ቪዛ ያስፈልጋል።

በሼንገን ውስጥ ፍተሻ የለም የሚለውን የቆየ አባባል አይመኑ። ጀርመን ከመስከረም 2024 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር አድርጋለች፤ ፖላንድም በ2025 ክረምት በጀርመን በኩል ባለው ድንበሯ ላይ ጀመረች። በባቡርም ሆነ በአውቶቡስ የሚጓዝ ልጅ ዋናውን ፓስፖርትና የመኖሪያ ካርድ መያዝ አለበት፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ሰነድ አይሆንም።

የወንድምዎን ልጅ በተመለከተ እውነቱን ሳልሸሽግ ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ተስፋውን ሰቅሎ ገንዘቡን የሚያጣው እሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያ ዜጎች የሼንገን ቪዛ ላይ ገደብ ጥሏል። በዚህ ውሳኔ መሠረት መደበኛው የ15 ቀን የመመርመሪያ ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ አይሰጥም፣ ቀድሞ ሊቀሩ ይችሉ የነበሩ ማስረጃዎችም ሁሉም ይጠየቃሉ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊገባ ስለሚችል፣ ከልቡ ካሰበበት መነሳት ያለበት የውድድሩ ቀን እንደታወቀ ነው። እርስዎ እዚህ ባለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርበው ወጪውን እንደሚሸፍኑ የሚያረጋግጠውን የግዴታ ሰነድ ሊያወጡለት ይችላሉ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ያስፈልገዋል፤ ከዚህም በላይ ወደ አገሩ እንደሚመለስ የሚያሳዩ የሥራ፣ የትምህርት ወይም የንብረት ማስረጃዎች ይጠየቃሉ። የውድድሩ ትኬት የጉዞውን ምክንያት ለማስረዳት ይረዳል እንጂ የቪዛ ዋስትና አይደለም። አሜሪካ ያሉ ወንድሞችና እህቶችም ይህን ልብ ይበሉ፦ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም የሼንገን ቪዛ ማውጣት ግዴታው ነው።

ወደ ውድድሩ ልመለስ። ቦታው በራይን ወንዝ ማዶ በዶይትዝ የሚገኘው ላንክሰስ አሬና ነው። ውድድሩ ወደዚህ አዳራሽ የገባው በ2015 ሲሆን፣ ደጋፊዎች ከዚያ ወዲህ የካውንተር ስትራይክ ካቴድራል ይሉታል። ማወቅ የሚገባዎ ትልቅ ነገር ግን ቡድኖቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጋጠሙት ያለ ተመልካች በስቱዲዮ መሆኑ ነው። አዳራሹ የሚከፈተው ለመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ነው፤ እንደ ልማዱ ዓርብ ሩብ ፍጻሜ፣ ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ፣ እሑድ ፍጻሜ ይካሄዳል። ትኬቱ የሚሸጠው ደግሞ ከወራት በፊት ነው። እንግዲህ ልጅዎ ትኬት ሲገዛ የሚወደው ቡድን አዳራሹ ውስጥ ይድረስ አይድረስ አያውቅም ማለት ነው። በ2023 ፓሪስ በተደረገው ትልቅ ውድድር ታዋቂዎቹ ቡድኖች ናቪና ጂ2 ሕዝብ ፊት ሳይቀርቡ ተሰናብተው፣ ማንም ያልጠበቀው ጌመርሌጂዮን ለፍጻሜ ደርሷል፤ ዋንጫውን የወሰደው ግን የፈረንሳዩ ቪታሊቲ በገዛ ሕዝቡ ፊት ነበር። ለአንድ ቡድን ብቻ ብሎ የሚጓዝ ልጅ አዝኖ ሊመለስ ይችላልና ይህን አስቀድመው ቢያነጋግሩት ጥሩ ነው።

ስለ ዕድሜው ብዙ አይጨነቁ። በጀርመን እያንዳንዱ ጌም ኡስካ የተባለ የዕድሜ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ለጨዋታው የቀድሞ ስሪት፣ ለካውንተር ስትራይክ ግሎባል ኦፌንሲቭ፣ የተሰጠው 16 ነበር፣ አዘጋጆችም የመግቢያውን ዕድሜ የሚወስኑት እንዲህ ያለውን ምልክት አይተው ነው። ትኬቱ ከመገዛቱ በፊት የዚያን ዓመት ደንብ ያንብቡ። ልጅዎ ገና 18 ስላልሞላው፣ ከ18 በላይ የሆነ የሚያምኑት ሰው አብሮት እንዲሄድ አድርገው ኃላፊነቱን የሚያስተላልፉበትን የወላጅ ወረቀት ፈርመው፣ የመታወቂያዎን ቅጂ አያይዘው ይስጡት። ውድድሩ በትምህርት ወቅት ከዋለና ዓርብም መሄድ ከፈለገ ትምህርት ቤቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈቀድ ይገባል፤ በዚህ አገር ያለፈቃድ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም።

ተጨማሪ፣ ከስቶክሆልም

የፍራንክፈርቱ ወንድማችን ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ገንዘቡ ልጨምር። ዶታ 2 የሚባለው ጨዋታ ትልቁ ዓመታዊ ውድድር፣ ዘ ኢንተርናሽናል፣ በ2021 እኛ ከተማ ስቶክሆልም ሊካሄድ ተወስኖ ነበር። የስዊድን የስፖርት ፌዴሬሽን ኢስፖርትን በአባልነት አልቀበልም ሲልና መንግሥትም ውድድሩን እንደ ከፍተኛ ስፖርት አላይም ሲል፣ ለተጫዋቾች ቪዛ የማግኘቱ ነገር አስተማማኝ ስላልሆነ ውድድሩ ወደ ቡካሬስት ተዛወረ። እዚያም ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በኮቪድ ምክንያት ተመልካች እንዳይገባ ተደረገና የትኬት ገንዘብ ተመለሰ። ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት የነበረው ያ ውድድር ባዶ አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። በ2020 ፖላንድ ካቶቪጸ ላይ በተዘጋጀው የካውንተር ስትራይክ ውድድርም ሕዝብ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ፈቃዱ ተሰርዞ ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች በር ላይ ቀርተዋል።

አዘጋጁ የሚመልሰው የመግቢያውን ዋጋ ነው፤ አውሮፕላኑንና ሆቴሉን የሚመልስ የለም። ስለዚህ ጥቂት ቢወደድም የሚሰረዝ ማደሪያ ይያዙ፣ ትኬትም ከአዘጋጁ ራሱ ወይም እሱ ከጠቀሰው ሻጭ እንጂ በማኅበራዊ ሚዲያ ከማይታወቅ ሰው አይግዙ። ብዙ ልጆቻችን በዚህ መንገድ ተታለዋል።

ተጨማሪ፣ ከሪያድ

በባሕረ ሰላጤው ላለን ደግሞ ነገሩ ወደ ደጃችን መጥቶልናል። የኢስፖርት የዓለም ዋንጫ በ2024 ክረምት ሪያድ ውስጥ ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ሽልማቱ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በ2025 ቼዝ እንኳን ተጨምሮ ማግኑስ ካርልሰን አሸንፏል። ውድድሩ የሚውለው በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ቢሆንም አዳራሾቹ የቀዘቀዙ ናቸው፣ የከተማው ሜትሮም በ2024 መጨረሻ ስለተከፈተ መጓጓዣው ቀሏል። እዚህ የምንሠራ ሰዎች የጸና ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ይዘን መንቀሳቀስ ይገባናል። ቀጣዩ የት እንደሚካሄድና መቼ እንደሆነ ከአዘጋጁ ሳያረጋግጡ ከሥራ ፈቃድ አይጠይቁ።

ጥያቄ፣ ከሃኖቨር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አየሁት፤ ምልክቱ ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ ነው፤ ቢሆንም ለቢሮው እጽፋለሁ። ልጄ አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። ለመሆኑ እቤት በነጻ የሚታየውን ነገር ያን ያህል መንገድ ሄዶ ማየት ምን ትርጉም አለው?

መልስ፣ ከፍራንክፈርት

ከጠየቁት ሁሉ ይህን ስመልስ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ ቤት ያየ ሰው፣ እቤቱ ቴሌቪዥን እያለው ለምን ወጥቶ እንደሚያይ ያውቃል። ልጆቻችን ይህን ጨዋታ የሚያዩት ብቻቸውን፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በር ዘግተው ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን ያንኑ ነገር ከ10,000 በላይ ሰው አብሮ ያየዋል፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ዴንማርካዊ፣ ቱርካዊ ወይም ብራዚላዊ ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም የተጫዋቾቹን ስም ያውቃሉ። የቆዳው ቀለምና የጀርመንኛው አነጋገር ሁልጊዜ የሚታይበት ልጅ፣ ለጥቂት ቀናት በሚያውቀው ነገር ብቻ ከሰው ጋር ሲግባባ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጨዋታውን ሄደው ይረዱታል። አምስት ለአምስት ይጋጠማሉ፤ አንዱ ወገን ቦምብ ሊያጠምድ ይሞክራል፣ ሌላው ይከላከላል፤ ቀድሞ 13 ዙር ያሸነፈ ያንን ካርታ፣ ማለትም የሚጋጠሙበትን ሜዳ፣ ይወስዳል። አንዱ ዙር ከሦስት ደቂቃ በታች ነው። ተመልካቹ በትልቁ ስክሪን የሁለቱንም ወገን አቀማመጥ ስለሚያይ፣ ተጫዋቹ ከግድግዳው ጀርባ የሚጠብቀውን ባላጋራ እሱ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ውጥረቱም ከዚህ ይመጣል። ተጫዋቾቹ የሕዝቡን ድምፅ እንዳይሰሙ ጆሯቸውን በድርብ ይሸፍናሉ፣ ሆኖም የአዳራሹ ንዝረት ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ባላጋራው ያለበትን ቦታ በጩኸት ማመልከት ነውር ነው፤ ልጅዎ ይህን ያውቃል፣ እርስዎም ሌላው ሰው ሲጮህ እንጂ ቀድመው አይጩኹ።

የፍጻሜው ጨዋታ እስከ አምስት ካርታ ሊሄድ ይችላል። በ2022 ኮሎኝ ላይ ፌዝ የተባለው ቡድን ናቪን 3 ለ 2 ያሸነፈበት ፍጻሜ አምስቱም ካርታዎች የተጫወቱበት ነበር፤ ኮሎኝም ከ2019 ወዲህ ተመልካች ያስገባችው ያኔ ነበር። እንዲህ ያለው ጨዋታ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ እሑድ ማታ የሚመለሰውን ባቡር መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ከተቻለ ሰኞ ጠዋት ይመለሱ። ዶይችላንድ ትኬት የሚባለው የወር ትኬት ካላችሁ ከሃኖቨር በክልል ባቡሮች እየቀያየራችሁ መምጣት ትችላላችሁ፤ በፈጣኑ ባቡር ግን አይሠራም። ከኮሎኝ ዋና ጣቢያ በሆኸንዞለርን ድልድይ ላይ በእግር ተሻግሮ አዳራሹ ድረስ መሄድ ይቻላል፤ መንገዱ ያምራል፣ የከተማዋ ካቴድራልም ከኋላ ይታያል። ከኤ4 ወረቀት የሚበልጥ ቦርሳ በብዙዎቹ የጀርመን አዳራሾች ስለማይፈቀድ ትንሽ ቦርሳ ይያዙ፣ የጆሮ መከላከያም አይርሱ። በጾም ወቅት ቢሆን ፋላፍልና የአትክልት ምግብ ዶይትዝ አካባቢ አይጠፋም።

እርስዎ ቢሄዱ ኮሎኝ ከዚህ ቀደምም ለቤተሰብዎ እንግዳ አልነበረችም። የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ክፍል በ1965 ሥርጭት ሲጀምር፣ ጣቢያው በ2003 ወደ ቦን እስኪዛወር ድረስ መቀመጫው ኮሎኝ ነበር፤ ወላጆቻችን የከተማዋን ስም የሚያውቁት ከሬዲዮ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በከተማዋ አለች። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰው መምጣት ይችላሉ፤ ፍጻሜው የሚጀመረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ይደርሱበታል።