ሐዋሳ፦ በ125 ሲሲ ሞተር የመጀመሪያ ጉዞዎች፤ ዳገት ላይ ይጠፋብኛል፣ ኮረኮንች ላይ ያንሸራትተኛል

አዲስ ነጂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለች 125 ሲሲ ሞተር ገዝቻለሁ። ባለ 5 ማርሽ ናት፤ የፊት ፍሬኗ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር ነው። እስካሁን አራት ጊዜ ብቻ ነው ይዣት የወጣሁት። ሜዳ ላይ ደህና ነኝ፤ የሚያስቸግሩኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። ትንሽ ዳገት ላይ ቆሜ ስነሳ ወይ ይጠፋብኛል ወይ ወደ ኋላ ይመልሰኛል። ኮረኮንች ላይ ፍሬን ስረግጥ የኋላው ጎማ ይነክስና (መዞሩን ያቆምና) ወደ ጎን ይሄዳል፤ የፊቱን ደግሞ «ይገለብጥሻል» ስለተባልኩ አልነካውም። ቁመቴም 1.58 ሜትር ስለሆነ ሁለቱም እግሮቼ መሬት በደንብ አይረግጡም። ከወር በኋላ ለሥራ ሻሸመኔ መመላለስ ይኖርብኛል። እስከዚያ በምን ቅደም ተከተል ልለማመድ? ጓደኛዬን ከኋላ ጭኜ ብለማመድስ?

ፎሌ፦

እህቴ፣ ዳገቱን ለጊዜው ተይው። ዳገት ላይ የሚጠፋብሽ ግራ እጅሽ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውና የሚለየው ክላች) የሚይዝበትን ቦታ ገና ስላልለመደው ነው፤ እሱን ደግሞ የምትማሪው ሜዳ ላይ ነው። እሑድ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ሰፊና ትራፊክ የሌለበት መንገድ ምረጪ። ሞተሯ ከሞቀች በኋላ 1ኛ ማርሽ አስገቢና ነዳጅ ፈጽሞ ሳትሰጪ ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ድምፁ ዝቅ ሲልና ሞተሯ ወደ ፊት ልትሄድ ስትል እጅሽን እዚያው አቁሚ፣ ከዚያ መልሰሽ ጨብጪ። ይህን 20 ጊዜ ያህል ደጋግሚ። ቀጥሎ እዚያው ነጥብ አካባቢ እንደያዝሽ ከሰው እርምጃ ባልፈጠነ ፍጥነት 20 ሜትር ቀጥ ብለሽ ሂጂ። ነዳጁ ትንሽ ይሁን፣ ከፍ ዝቅ አይበል። ፍጥነቱን በፍሪሲዮኑና የኋላውን ፍሬን በስሱ በመርገጥ ተቆጣጠሪ። ዓይንሽ 15 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይይ፤ የፊት ጎማውን ካየሽ ሚዛንሽ ይበላሻል።

«ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል» የሚሉሽን አትስሚ። የአብዛኛው ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ የተነከሩ ዲስኮች ስለሆነ ዘይቱ ያቀዘቅዘዋል። በከፍተኛ ዙር ለደቂቃዎች ማንሸራተት ይጎዳዋል፤ ይህ ልምምድ ግን አይጎዳውም።

ከዚያ ወደ ዳገት። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ለጀማሪ የሚሆን ለስላሳ ዳገት ታቦር ተራራ ግርጌ ብትፈልጊ ይሻላል። ስትቆሚ ግራ እግርሽ መሬት ላይ፣ ቀኝ እግርሽ የኋላው ፍሬን ላይ ይሁን። 1ኛ አስገቢ፣ ነዳጁን ሜዳ ላይ ከምትሰጪው ትንሽ ከፍ አድርጊና እዚያው ላይ ያዢው። ፍሪሲዮኑን እስኪይዝ ልቀቂ፤ ድምፁ ይከብዳል፣ ሞተሯም ፍሬኑን እየታገለች ወደ ፊት ትገፋለች። ፍሬኑን የምትለቂው ያኔ ነው። ወደ ኋላ የሚመልስሽ ፍሬኑን ቀድመሽ ስለምትለቂ ነው፤ የሚጠፋብሽ ደግሞ ስትደነግጪ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ስለምትለቂው።

ቁመትሽ በቂ ነው። ሁለት እግር አያስፈልግሽም፤ የግራ እግርሽ የፊት መዳፍ በደንብ ከረገጠ ይበቃል። ዳሌሽን ከወንበሩ ትንሽ ወደ ግራ አንሸራቺ። እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው፤ አስፋልቱም ውሃ እንዲወርድ ወደ ቀኝ ዳር ዘንበል ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ በግራሽ ያለው መሬት ከፍ ይላል፣ ለአጭር ሰው ይረዳል። የኋላው ሾክ (ምት የሚያበርደው ስፕሪንግ) የሚስተካከል ከሆነ ለስላሳው ላይ አስደርጊው። የወንበሩን ስፖንጅ ግን አታስቆርጪ። ስታቆሚም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርገሽ አታስገቢያት፤ ወደ ኋላ ለመግፋት እግርሽ ጉልበት አያገኝም።

ቸርኬ፦

ስለ ፍሬኑ የተነገረሽ ምክር አደገኛ ነው። ሞተር ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ ቶሎ ይነክሳል፤ ኮረኮንች ላይ የሚያንሸራትትሽም ይኸው ነው። በደረቅ አስፋልት በኋላው ፍሬን ብቻ ለመቆም በሁለቱ ከምትቆሚበት እጥፍ ገደማ ርቀት ያስፈልግሻል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄጃለሽ፤ ያ ገና እጅሽ ፍሬኑን ሳይነካ የሚያልፍ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

የፊት ፍሬን የሚገለብጠው በድንገት ሲጨበጥ፣ መሪው ዞሮ ሳለ ሲያዝ ወይም ጠጠር ላይ በኃይል ሲጨመቅ ነው። አያያዙ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ክፍተቱን ብቻ ሳቢ፣ የፊት ሾኩ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማሻል፣ ከዚያ በኋላ ጭመቂ፣ እየጨመርሽም ሂጂ። ሾኩ ከወረደ በኋላ ጎማው መሬቱን ይጨብጣል። ጭራሽ ቢነክስ ወዲያው ልቀቂና እንደገና በስሱ ጀምሪ። ደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን ቀጥ አድርገሽ በ20 ኪሎ ሜትር 10 ጊዜ ተለማመጂ፣ ከዚያ በ30፣ ከዚያ በ40። አንድ ምልክት ላይ ፍሬን መያዝ ጀምሪና የቆምሽበትን በእርምጃ ለኪ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ታያለሽ። ፍሪሲዮኑን ልትቆሚ ስትይ ብቻ ጨብጪ፤ ቀድመሽ ከጨበጥሽ ሞተሩ ራሱ የሚሰጥሽን ፍሬን ታጪዋለሽ።

ኮረኮንች ላይ ዋናው ሥራ ከመግባትሽ በፊት ያልቃል። አስፋልቱ ሳያልቅ ፍጥነት ቀንሺ፣ 2ኛ ማርሽ ላይ ሆነሽ ግቢ። ትከሻሽንና ክንድሽን አላልተሽ ያዢ፤ መሪው ትንሽ ቢወዛወዝ ያለ ነው፣ አትታገይው። ፍሬን ካስፈለገሽ ሁለቱንም በስሱ፣ ሞተሯ ሳታዘነብል ቀጥ ብላ ስትሄድ ብቻ። ስፒድ ብሬከር ላይ ደግሞ ፍሬኑን ከጉብታው በፊት ጨርሺና ልቀቂ፤ ፍሬን እንደያዝሽ ከወጣሽው ሾኩ ቀድሞ ስለወረደ ምቱ እጅሽ ላይ ያርፋል።

አዲስ ነጂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ፍሪሲዮኑን ዛሬ ሞከርኩት። ሌላ ነገር ግን አስተዋልኩ፤ የሚይዘው እጀታው ሙሉ ለሙሉ ሊለቀቅ ሲል ነው። 4ኛ ላይ ነዳጅ ስጨምር ድምፁ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን ወዲያው አይከተልም። የእኔ ጥፋት ነው?

ካንዴላ፦

ያንቺ አይደለም፤ ፍሪሲዮኑ እያንሸራተተ ነው። ወጪ ከማውጣትሽ በፊት በቅደም ተከተል እይው። መጀመሪያ እጀታው ጫፍ ላይ የላላ ክፍተት መኖሩን ለኪ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ምንም ክፍተት ከሌለ ገመዱ ሁልጊዜ እየሳበው ስለሆነ ዲስኮቹ ሙሉ በሙሉ አይገናኙም፤ እጀታው ሥር ያለውን ማስተካከያ አዙረሽ አላዪው። መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ጥግ አዙረሽም ክፍተቱ እንዳለ መሆኑን አረጋግጪ።

ክፍተቱ ትክክል ሆኖ ካንሸራተተ ዘይቱን ጠርጥሪ። ያገለገለ ሞተር ላይ የመኪና ዘይት ተጨምሮ ማግኘት የተለመደ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም አላቸው፤ ለመኪና ይጠቅማል፣ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮንን ግን ያንሸራትታል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» ወይም «ጃሶ ኤም ኤ 2» (ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚስማማ ዘይት መለያ) የሚል ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት ግዢ። 125 ሲሲ ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር አካባቢ ይወስዳል፤ ትክክለኛውን ልክ መመሪያው ላይ እይ። በሞቀ ሞተር አስወጥተሽ ቀይሪ። ከዚያም በኋላ ካልተሻለ ዲስኮቹ አልቀዋል፤ ሲቀየሩ ስፕሪንጎቹም አብረው ይቀየሩ።

ጎማውንም ጎሚስታ ጋ በግምት አታስነፊ፤ አስለኪ። ትክክለኛው ቁጥር ሞተሯ ላይ የተለጠፈው ነው። ለብቻሽ ስትነጂ ለብዙዎቹ 125 ሲሲ ከፊት 25፣ ከኋላ 29 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) አካባቢ ነው፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ይጠብና ኮረኮንች ላይ የባሰ ያንሸራትታል፤ ችግርሽ በከፊል ከዚህም ሊሆን ይችላል። ሞተሯን በማዕከላዊው መቆሚያ አቁመሽ ካቴናውን (የኋላውን ጎማ የሚያዞረውን ሰንሰለት) ከታች መሃሉ ላይ በጣትሽ ከፍ ዝቅ አድርጊ፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል። ጎማውን እያዞርሽ ሦስት አራት ቦታ ለኪ፤ አንድ ቦታ የላላ ሌላ ቦታ የጠበቀ ከሆነ ካቴናው እኩል አልተበላም፣ ይቀየር። በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ አቧራ ከበዛ ከዚያም በፊት፣ ጥረጊና የካምቢዮ ዘይት ቀቢ። ሞተሩ እየሠራ ግን በጭራሽ፤ ጣት የሚቆረጠው እዚያ ላይ ነው።

ሰፈር ልጅ፦

በበኩሌ ልምድ ያለው ሰው ከኋላ ተቀምጦ ቢመራት ቶሎ ትለምዳለች ባይ ነኝ።

ቸርኬ፦

አልስማማም። 60 ኪሎ ሰው ከኋላ ሲጨመር የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ የመቆሚያ ርቀቱ ይለወጣል፣ ዳገት ላይ መነሳቱም ይከብዳል። እሷ እየተማረችው ያለው በሙሉ ይቀየርባታል። ከኋላ ያለው ሰው ሲደነግጥ ወደ ተቃራኒው ጎን ይዘነበላል፤ 1.58 ለሆነ ሰው ደግሞ ሞተሯ አንዴ ካዘነበለች መመለሻ የለም። ልምድ ያለው ሰው በራሱ ሞተር ከፊት ይምራት። ሰው መጫን ቢያንስ 1,000 ኪሎ ሜትር ለብቻዋ ከነዳች በኋላ ይሁን።

የጥቁር ውሃ መንገደኛ፦

የሻሸመኔውን ልመልስልሽ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርቀቱ ቀላል ነው፣ ከባዱ አብሮሽ የሚሄደው ነው። አይሱዙና ሲኖትራክ ከፊትሽ ሲመጣ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋሻል፣ ሲያልፍ ደግሞ ይስብሻል። መሪውን አጥብቀሽ አትጨብጪ፣ በጉልበትሽ የሞተሯን የነዳጅ ታንከር ያዢ፣ ከመስመሩ መሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ሁኚ።

መቅደምን በቁጥር አስቢው። መኪናው በ60፣ አንቺ በ75 ብትሄዱ ልዩነታችሁ በሰከንድ 4 ሜትር ብቻ ነው። 12 ሜትር የሚረዝመውን መኪና ከ20 ሜትር ኋላ ተነስተሽ 20 ሜትር ቀድመሽው እስክትገቢ 12 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ 260 ሜትር ሄደሻል። ከፊት በ80 የሚመጣ መኪናም ያንን ያህል ይመጣል። ስለዚህ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ጥርት ብሎ ካልታየሽ አትቅደሚ። ደግሞም በ1,700 ሜትር ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ካርቡራቶር ያላት 125 ሲሲ መጽሐፉ ላይ የተጻፈላትን ኃይል አትሰጥም፤ ከ60 ወደ 75 ለመድረስም ጊዜ ይወስድባታል።

ቅደም ተከተሉን እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ ብቻ፣ በአንድ ጊዜ ከ40 ደቂቃ ሳይበልጥ፤ ግራ እጅሽ ሲዝል የፍሪሲዮን አያያዝሽ ይበላሻልና አቁሚ። ሁለተኛው ሳምንት ከተማ ውስጥ በጠዋት። ሦስተኛው ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ባጃጅ መካከል። ባጃጅ ሲዞር አካሉን ሳይሆን የፊት ጎማውን እይ፤ ቀድሞ የሚዞረው እሱ ነው። የቆመ ባጃጅ ስታልፊ 1.5 ሜትር ተዪለት፤ ተሳፋሪ ሳያይ ይወርዳል። ጋሪ ፈረስ አጠገብ ክላክስ አታድርጊ። አራተኛው ሳምንት በሻሸመኔ መውጫ እስካለው ጥቁር ውሃ ድረስ ሄደሽ ተመለሺ፣ ደጋግሚው፣ ከዚያ ሻሸመኔ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከመጣ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ተጠልለሽ አሳልፊ፤ አስፋልቱ ላይ ያለው ዘይትና አቧራ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። ኩሬ ከተሻገርሽ የኋላው ታምቡር ውሃ ይገባውና አይዝም፤ እየነዳሽ በስሱ እየረገጥሽ አድርቂው።

አራት ነገሮች ላክልልሽ። የሞተር ፍሬቻ እንደ መኪና በራሱ አይጠፋም፤ ከታጠፍሽ በኋላ ካላጠፋሽው ከኋላ ያለው ልትታጠፊ ነው ብሎ ይገባብሻል። የጎን መቆሚያው ሳይታጠፍ ከተነሳሽ ወደ ግራ ስትታጠፊ መሬት ነክቶ ይጥልሻል። ነጠላና ረጅም ሻርፕም ካቴናው ውስጥ ይገባል፤ ጃኬት ውስጥ ክተቺው ወይም ቤት ተዪው። የነዳጅ ቧንቧዋ «ሪዘርቭ» (መጠባበቂያ) ካለው ደግሞ ቆመሽ ሳታይ በግራ እጅሽ ማዞር ተለማመጂ፤ ነዳጅ የሚያልቀው መኪና ከኋላሽ ባለበት ሰዓት ነው።