መኪናዋ ሐረጎ ላይ ቆማለች፣ ሰውዬው ዓርብ ክፈል ይለኛል

የመንገድ ልጅ፦
ሰላም ቤቶች፣ ቶሎ መልሱልኝ። ሐረጎ ዳገት ላይ ቆሜያለሁ። መኪናዋ ኤፍኤስአር ነች፣ የአይሱዙ የጭነት መኪና። ሲሚንቶ ጭኜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሙቀት ጨመረች። ውሃ ሞላሁ፣ ትንሽ ሄደች፣ ደግሞ ፈላች። መካኒክ ከታች አስመጥቼ አሳየሁ። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) መውረድ አለበት፣ ከ180 ሺህ ብር አያንስም አለኝ። ችግሩ እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። መኪናዋን የወሰድኳት ሰርተህ ክፈለኝ ተብዬ ነው። 800 ሺህ ቀብድ፣ ከዚያ በየወሩ 95 ሺህ፣ ለ36 ወር። 14 ወር ሳላጓድል ከፍያለሁ። አሁን ስደውልለት «ጥገናው ያንተ ነው፣ የዚህን ወር ዓርብ ካላስገባህ መኪናዬን እወስዳለሁ» አለኝ። እንዴት መኪናዬን ይላል? ግማሹን ከፍዬ የለም እንዴ? ሁለቱንም መክፈል አልችልም። የቱን ላስቀድም? ለመሆኑ በዚህ መንገድ የመኪና ባለቤት የሆነ ሰው አለ?

ቧንቧ ውሃ፦
አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርግ። የቆምከው ሐረጎ ላይ ነው።

ፈገግታ፦
በወሎ ምድር ፈልቶ የማይጠጣ ነገር የመኪና ውሃ ብቻ ነው 😂

አሮጌው ረዳት፦
ቴርሞስታቱን፣ የሞተሩን ውሃ የሚከፍት የሚዘጋውን፣ አውጥተህ ጣለው። ወዲያው ትቀዘቅዛለች። እኔ ስንቱን መኪና እንደዚህ አድርጌ አሻግሬያለሁ።

ቶርኖ ቤት፦
ወንድሜ ምንም ነገር ሳታስፈታ ይህን አድርግ። ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ትኩስ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካ፣ ፊትህን ያቃጥልሃል። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ምዘዝና እይ። ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ በቃ እንዳታስነሳት። ዘይቱ ንጹህ ከሆነ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳ። ውሃው ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከመጣ ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ተቃጥሏል። ሁለቱም ከሌሉ ግን ቴስታታ አታስወርድ። ራዲያተሩ ተደፍኖ፣ ቺንጋው (ቀበቶው) ላልቶ፣ ወይም የውሃ ፓምፑ ሞቶ ሊሆን ይችላል። 180 ሺህ ያለህንም አስዘርዝረው። ጓርኒሲዮን ስንት፣ ቶርኖ ስንት፣ የእጅ ስንት? ቴስታታው ተጣሞ ከሆነ ተላጭቶ ይመለሳል። ተሰንጥቆ ከሆነ ነው ዋጋው የሚሰቀለው። ሳይከፍት እንዴት አወቀ?

አሮጌው ረዳት፦
ቴርሞስታቱን አውጣው እያልኩህ ነው።

ቶርኖ ቤት፦
አባቴ፣ ዘይትና ውሃ ተቀላቅሎ ከሆነ ቴርሞስታት ማውጣት ምን ያደርግለታል? አንዴ የፈላችን መኪና ውሃ እየሞሉ ዳገት ማስወጣት ነው ቴስታታ የሚያጣምመው። የመንገድ ልጅ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ እሷን ያጠፋሃት ሁለተኛ ጊዜ ስታስነሳት ነው።

እውነቱን ልናገር፦
እንግዲህ እኔ ልጠላ። ሰውዬው እውነቱን ነው። መኪና ሰጠህ፣ አቃጠልክበት፣ እከፍላለሁ ብለህ ተዋውለሃል። ሊብሬው፣ የባለቤትነት ደብተሩ፣ በማን ስም ነው? በስምህ ካልሆነ ባለቤት አይደለህም፣ ቀብድ የከፈለ ሹፌር ነህ። ደሞዝ የሌለው ሹፌር ደግሞ።

የመንገድ ልጅ፦
ሊብሬው በሱ ስም ነው። 36ቱ ሲያልቅ ያዞርልኛል። ውል አለን፣ ሁለት ምስክሮች ፈርመዋል። ስለ ጥገና የሚል ነገር ያለበት አይመስለኝም፣ ወረቀቱ ቤት ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ግን አላት፣ እሱ አይሸፍንም?

ቧንቧ ውሃ፦
ኢንሹራንስ ለግጭት፣ ለመገልበጥ፣ ለእሳት ነው። ሞተር ሲበላሽ አይከፍልም።

ምክር ለወንድም፦
ወጣቶች ችግራችሁ ጥድፊያ ነው። መቶ ሺህ ሲቆጥር መኪና፣ ሁለት መቶ ሲቆጥር ቤት። ሰው ያለ አቅሙ ለምን ይዋዋላል? አባቶቻችን ባቲ ገበያ ግመል ሲገዙ ቆጥረው ነበር የሚገዙት። ጭኜ እከፍልሃለሁ የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። በዚያ ላይ በላዩ የተጨመረው ወለድ ነው፣ ወለድ ደግሞ በረካ የለውም። ሙራባሃ የሚሰጡ፣ ዕቃውን ገዝተው ትርፍ ጨምረው በዱቤ የሚሸጡ፣ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሞልተው...

የርቢ ልጅ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት። አባቶቻችን በሰው ሀብት ሰርተው ማደግን በደንብ ያውቃሉ። እኔ ያደግኩት በርቢ ላም ወተት ነው። አባቴ የሰው ላም ይቀበላል፣ ያበላል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። ላሟ በበሽታ ብትሞት ግን አባቴ ቆዳዋን ይዞ ይሄዳል፣ ባለቤቱም «አላህ ይተካ» ብሎ ይቀበላል። ላሟን ክፈል የሚለው የለም። የዚህ ልጅ ውል የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። ላሟም የሰውዬው፣ ጥጃውም የሰውዬው፣ ሞቱ ግን የልጁ።

ፈገግታ፦
የቴስታታውን ቆዳ ይዘህ ሂድ በለው 😂 ግን የርቢ ልጅ፣ ይቺ ገብታኛለች።

መዝገብ ቤት፦
ሦስት ነገር ንገረን። 14ቱን ወር በባንክ ነው የከፈልከው ወይስ በእጅ? ውሉ «ሽያጭ» ይላል ወይስ «ኪራይ»? ባይከፍል ምን ይሆናል የሚል አንቀጽ አለው?

የመንገድ ልጅ፦
11ዱ በባንክ። 3ቱ በእጅ፣ ግን በስልክ «ደርሶኛል» ብሎ ጽፎልኛል። ውሉ ርዕሱ «የመኪና ኪራይና ሽያጭ ውል» ይላል።

መዝገብ ቤት፦
መልእክቶቹን እንዳታጠፋ። ስልክህ ሳይሰበር ለሌላ ሰው ላካቸው።
የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103/1990 በዱቤ ግዢ እያንዳንዱ ክፍያ ሲከፈል የዚያን ያህል የባለቤትነት ድርሻ ወደ ከፋዩ ይሄዳል ይላል። ያ ግን ፈቃድ ላለው አከራይ ድርጅት ነው። ያንተ ከግለሰብ ጋር የተደረገ ውል ስለሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው። እዚያ ቁጥር 1731 ላይ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። ስለዚህ ወረቀቱ ምን ይላል የሚለው ከሁላችንም ምክር ይበልጣል። ዛሬውኑ ሰው ልከህ ፎቶ አስነሳው። ቁጥር 1772 ደግሞ ግዴታህን አልፈጸምክም ከማለቱ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ተነስቶ ቁልፍ ሊቀማህ ከመጣ አትደባደብ፣ ፖሊስ ጥራ። ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህም መኪናዋ እገዳ እንዳለባት ጠይቅ። አንተ ለሱ ስትከፍል እሱ ደግሞ በእሷ ተበድሮ ሊሆን ይችላል።

ሸዋ በር ከዴንቨር፦
እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ እዚህ አሜሪካ ከባድ መኪና እነዳለሁ። እዚህም ያው ነው ወገኖቼ። ድርጅቱ መኪናውን ያከራይሃል፣ ጭነቱንም የሚሰጥህ ራሱ ነው፣ ኪራዩን ከሳምንት ሒሳብህ ይቆርጣል። ጭነት ሲቀንስብህ ኪራዩ አይቀንስም። ነዳጅና ጥገና ካንተ። ሳምንቱን ሙሉ ነድተህ ዕዳ ይዘህ የምትወርድበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ይህን የሚያጠና ግብረ ኃይል ተቋቁሞ ነበር። በ2025 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያለው ኪራይ ጨርሶ ይከልከል አለ። እኔ በዘጠነኛው ወር ቁልፉን መልሼ ወጣሁ።

ፈገግታ፦
ዴንቨርና ኮንግረስ ደረስን። ልጁ ዓርብ ነው የተባለው።

አያ ካምቢዮ፦
ባለቤት የሆነ አለ ወይ ላልከው፣ እኔ አለሁ። በ4 ዓመት ጨርሼ ሊብሬዬን ተቀብያለሁ። አብረን ከጀመርነው ሰባት ሰዎች የጨረስነው ሁለት ነን። ጉብዝና አይደለም። መኪናዋ አዲስ ነበረች፣ ሊብሬው ገና ከመጀመሪያው በስሜ ነበር፣ ባንኩ እገዳ ብቻ ነው ያስመዘገበው። ቋሚ ጭነትም ነበረኝ፣ ደላላ ደጅ አልጠናሁም። ከእያንዳንዱ ጉዞ ደግሞ «የመኪናዋ» እያልኩ ለባለቤቴ እሰጣታለሁ። ብለምናት እንኳ አትሰጥም። አንድ ጊዜ ለልጄ ጫማ ብዬ ጠይቄያት «ጎማው ነው ጫማው» አለችኝ። ስድስቱም ጎማ ባንድ ወር ሲያልቅ ያዳነኝ ያ ገንዘብ ነው። የቀሩት አምስቱ ከእኔ ያነሰ አልሰሩም። ክፍያው በየወሩ እኩል ነው፣ መኪናዋ ግን በየወሩ እኩል አይደለችም። እነሱ ያረጀ መኪና በአዲስ መኪና ክፍያ ወስደው ነበር።

የመንገድ ልጅ፦
አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የወሰድኳት 14 ዓመት የሰራች ነች። ታዲያ ዓርብስ ምን ላድርግ?

አያ ካምቢዮ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ሲሚንቶውን በሌላ መኪና አስገልብጠህ አድርስ። የጭነቱ ባለቤት ከተቆጣ ሦስተኛ ዕዳ ነው። ገንዘቡን ዓርብ አትስጠው። ወስደህ ብትሰጠው መኪናዋ እዚያው ትቆማለች፣ የሚቀጥለውን ወር ከየት ታመጣለህ? ሁለት ሽማግሌ ያዝና ሂድ። እንዲህ በለው፦ «መኪናዋን ብትወስድ የምትወስደው የተቃጠለ ቴስታታ ነው፣ 180 ሺውን አንተ ታወጣለህ፣ ሌላ ሰው እስክታገኝም ገቢ የለህም። ጥገናውን እኔ ልሥራ፣ የሁለት ወሩ ክፍያ ወደ መጨረሻ ይሻገር።» ካመነ በጽሑፍ። ምስክር እየፈረመ። የማያምን ከሆነ ቢያንስ ከማን ጋር እንደምትሰራ ታውቃለህ።

እውነቱን ልናገር፦
አያ እንኳን ተናገሩ። እኔ ግን አሁንም እላለሁ፣ 2 ሚሊዮን 130 ሺህ ነው የከፈለው። በዚያ ብር ትንሽ መኪና በስሙ ይገዛ ነበር።

የመንገድ ልጅ፦
ዘይቱን አየሁት። ወተት ነው። ክሬን ልፈልግ ነው፣ ቻርጄም ሊያልቅ ነው። ሲሚንቶውን የሚያወርድልኝ አግኝቻለሁ።

አሮጌው ረዳት፦
ቴርሞስታቱን አወጣኸው?

መዝገብ ቤት፦ (ከአምስት ቀን በኋላ)
የመንገድ ልጅ፣ ዓርብ እንዴት ሆነ? ወረቀቱን አገኘኸው?

ፈገግታ፦ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
ትናንት ሐረጎን ስወጣ አየሁ፣ ቦታው ላይ የለም። ድንጋዮቹ ግን አሉ።

አዲስ ገቢ 07፦ (ከወር በኋላ)
ሰላም ጀማዓ። ሁሉንም አንብቤያለሁ። እኔ ግን ኮምቦልቻ ላይ ሲኖ ትራክ ከነተሳቢው አግኝቻለሁ፣ ለጅቡቲ መስመር። ሰርተህ ክፈል ነው፣ ሰውዬው በጣም ጥሩ ሰው ነው። ነገ ልንፈርም ነው። ቀብዱን በእጅ ነው የሚፈልገው፣ ችግር አለው?