ያረጀችው ፓይተኔ መብላት አቁማለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ዕድሜዋ 22 ዓመት የሆነ ሴት ቦል ፓይተን (መርዝ የሌላት የእባብ ዝርያ) አለችኝ፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ ያሳደግኋትም እኔ ነኝ። ቀደም ሲል በቀዝቃዛ ወራት ለጥቂት ሳምንታት ምግብ የመተው ልማድ ስለነበራት መጀመሪያ ላይ ብዙም አላሳሰበኝም ነበር፤ አሁን ግን ከሦስት ወር በላይ ሆኗታል፤ ክብደቷም ከ1,850 ግራም ወደ 1,620 ግራም ወርዷል። ይበልጥ ያስጨነቀኝ አኳኋኗ ነው። ለምግብ የማቀርብላት አይጥ ሽታ ሲደርሳት ከመደበቂያዋ ትወጣለች፣ ምላሷን እያወጣች ትጠጋለች፣ አንዳንዴም ትነክሰዋለች፤ ነገር ግን ወዲያው ትለቀውና አፏን ደጋግማ ከፈት ዘጋ አድርጋ ፊቷን ታዞራለች። ውሃ ትጠጣለች። አስገድጄ ላብላት ወይስ ልጠብቅ?

የመጀመሪያ መልስ፦
በቅድሚያ ሙቀቱን ያረጋግጡ። እባብ ምግብ የሚፈጨው ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት በመሆኑ በቂ ሙቀት ያላገኘ እባብ አለመብላቱ ራሱን መጠበቁ ነው። ለቦል ፓይተን የምትኖርበት ሳጥን ሞቃት ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀዝቃዛው ጎን ደግሞ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይመኑ፤ እባቧ በምትተኛበት ቦታ ላይ በሌላ ቴርሞሜትር ይለኩ፤ ማሞቂያም ከዓመታት በኋላ ይደክማልና። መደበቂያም በሁለቱም ጎን ሊኖር ይገባል፤ ያለበለዚያ ከሙቀትና ከመሸሸጊያ አንዱን ለመምረጥ ትገደዳለች።

ሁለተኛ መልስ፦
ይህ ዝርያ በመጾም የታወቀ ስለሆነ ተስፋ አይቁረጡ። በረዶ የሆነውን አይጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው ካቀለጡ በኋላ በሙቅ ውሃ ለብ እስኪል ያሙቁት፤ ከዚያም ከለመደችው አነስ ያለ መርጠው መብራቱን አጥፍተው ይተዉላት። በሕይወት ያለ አይጥ ግን ከእሷ ጋር ፈጽሞ አይተዉ፤ የደከመች እባብ ራሷን ስለማትከላከል ክፉኛ ሊነክሳት ይችላል።

ሦስተኛ መልስ፦
ተሳቢ እንስሳትን በሚያክም ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ከላይ የተሰጡት ምክሮች ትክክል ናቸው፤ ሆኖም የጻፉትን ሳነበው ጉዳዩ ሌላ ይመስለኛል። መብላት የማይፈልግ እባብና መብላት ፈልጎ ያልቻለ እባብ የተለያዩ ናቸው። የማይፈልገው አይጡን ችላ ይላል ወይም ይሸሸዋል፤ የእርስዎ ግን ትቀርባለች፣ ትነክሳለች፣ ከዚያም ትለቃለች፤ ይህ አፏን እንደሚያማት የሚያስጠረጥር ምልክት ነው። አፏን በግድ ሳይፈለቅቁ ከንፈሯን ከጎን ብቻ ቀስ አድርገው ገለጥ ያድርጉ፤ የጤነኛ እባብ ድድ ነጣ ያለ ሮዝ ሲሆን፣ የቀላ ድድ፣ የደም ነጠብጣብ፣ የሚዝለገለግ ምራቅ ወይም እንደ አይብ የረጋ መግል ካዩ የአፍ ውስጥ ቁስለት ነው። በአፍንጫዋ አረፋ ቢወጣ ወይም አፏን ከፍታ ብትተነፍስ ደግሞ የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀንም መዘግየት የለበትም።

ክብደቷ ከ10 በመቶ በላይ ስለቀነሰ፣ አፏ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም ሊያያት ይገባል። በዚህ ዕድሜ የኩላሊት ድካም፣ ሪህ፣ እጢ፣ በሴቶች ላይም የእንቁላል መያዣ ችግር ስለሚያጋጥም የደምና የሰገራ ምርመራ፣ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ሊታዘዝ ይችላል። ስትወስዷት በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ሙቀት በሚይዝ ሣጥን ውስጥ አስቀምጧት፤ ጉዞው ላይ መቀዝቀዝ ይጎዳታል።

አስገድዶ ማብላትን በተመለከተ፣ እባክዎ በራስዎ አይሞክሩት። የታመመ አፍ ይበልጥ ይቆስላል፤ ውሃ ባነሰው ሰውነት ውስጥ የገባ ምግብም ሳይፈጭ ሊበሰብስ ይችላል። ሐኪሞች መጀመሪያ ፈሳሹን የሚተኩት ለዚህ ነው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሞቃቱ ጎን ሙቀት 32 ዲግሪ ሆኖ ተገኝቷል። ሐኪሙ ግን የታችኛው መንጋጋዋ ድድ አብጦ ቢጫ መግል እንደያዘ አይቷል፤ ራጁ አጥንቱ እንዳልተነካ አሳይቷል፤ በደሟ ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ግን ትንሽ ከፍ ብሏል። ፈሳሽ ተሰጥቷታል፣ ቁስሉ ታጥቧል፣ የአንቲባዮቲክ መርፌም ጀምራለች። ምግብ የምሰጣት መቼና እንዴት ነው?

ሦስተኛው መላሽ፦
በጊዜ መወሰድዋ በእጅጉ ደስ አሰኝቶኛል። እብጠቱ እስኪጎድልና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይጥ አያቅርቡላት፤ ባየችው ቁጥር መንከስና መታመም ምግብን እንድትፈራ ሊያደርጋት ይችላል። የመጀመሪያው ምግቧ ከለመደችው ሩብ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ለረጅም ጊዜ የጾመ ሰውነት በድንገት ብዙ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው የፖታሲየምና የፎስፈረስ መጠን በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ከበላች በኋላ ለ48 ሰዓት አይንኳት። ቀጣዩን ምግብ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይተው ይስጡ፤ መጠኑንም ቀስ በቀስ ያሳድጉ። ኩላሊት የሚያስወግደው ዩሪክ አሲድ ከፍ በማለቱ ኩላሊቷ ላይ ጥርጣሬ ስላለ ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ አይለያት፤ የደም ምርመራው መቼ እንደሚደገምም ሐኪሙን ይጠይቁ። የበላችውን መልሳ ካወጣች ግን ለሁለት ሳምንት ምንም ሳይሰጧት ለሐኪሙ ይደውሉ።